ጸሐፊው ሌላ፣ አስጻፊው ሌላ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከኛ ብሎክ ወረድ ብሎ፣ በጁስ ቤትና በብረታ ብረት መሸጫ መሀል የተሸጎጠች አንዲት ጽሕፈት ቤት አለች። በሯ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን» ይላል። መብራት ካለ ትሠራለች፤ ከሌለ ልጅቷ በርጩማዋን በር ላይ አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔ የጻፍኩትን በወረቀት ካላየሁት ስህተቱ አይታየኝምና ደንበኛዋ ነኝ።

ባለፈው ሰሞን ወረፋ ይዤ ሳለ ከፊቴ የነበሩ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ስልካቸውን ዘረጉላት። ልጃቸው በቴሌግራም የላከላቸው ማመልከቻ ነው። ሁለት ወር ማንም ባልነበረበት ቤት የውሃ ቆጣሪያቸው ሲቆጥር ከርሟል፤ ይመርመርልኝ ነው የሚሉት። ልጃቸው ጽሑፉን ቻትጂፒቲ በሚባለው ጽሑፍ አመንጪ ማሽን እንዳሠራው ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው መስመር ለየችው። «ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል።

«አባቴ፣ ለመሥሪያ ቤት ጤና አይጠየቅም» አለችና ሳቀች።

እውነቷን ነው። ጤና የሚጠየቀው ለዘመድ በሚጻፍ ደብዳቤ ነበር፤ «ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እየተባለ። የመሥሪያ ቤት መግቢያ ሌላ ነው። «ማመልከቻ ዋናው» የሚል ፋይል ከፈተች። «ጉዳዩ፦ የውሃ ቆጣሪ እንዲመረመርልኝ ስለመጠየቅ» ብላ ጀመረች፤ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብላ ቀጠለች፤ «ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር ከወዲሁ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከስልኩ የወሰደችው የቤቱንና የቆጣሪውን ቁጥር ብቻ ነው።

ወረቀቱ ወጣ። እስክሪብቶ ስትሰጣቸው አዛውንቱ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና፣ «ጻፊዋ አንቺ፣ ፈራሚው እኔ?» አሉ ግማሽ በቀልድ።

«ቆጣሪው የእርስዎ ነዋ አባቴ!»

ፈረሙ፣ ከፈሉ፣ ሄዱ። እኔ ግን የመጣሁበትን ረስቼ ስለ ፋይሉ ጠየቅኳት። «ማመልከቻ ዋናው»ን መጀመሪያ ማን ጻፈው? አታውቅም። ኮምፒውተሩን ስትረከብ አብሮ የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷም ቀንሳለታለች፣ ጨምራለታለች። በቅርቡ እንኳ ግርጌው ላይ የነበረው የአንዲት ወይዘሮ ስም ሳይነሳ ቀርቶ፣ አንድ ሹፌር የሥራ ልምድ ማስረጃ ይሰጠኝ የሚል ማመልከቻ በወይዘሮዋ ስም አስገብቶ ተመልሶ መጥቶባታል።

እንግዲህ ያቺን ግማሽ ገጽ ማን ጻፋት? ልጃቸው አዘዘ። ማሽኑ አመነጨ። ስሙ የማይታወቅ ሰው ከዓመታት በፊት ቀርጿት ነበር። ልጅቷ ገጣጠመቻት። አዛውንቱ ፈረሙባት። ስለ ጽሑፍና ስለ ደራሲነት በየመድረኩ የሚነሳውን ጥያቄ ሁሉ የያዘች ግማሽ ገጽ ናት።

ሰሞኑን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሰፈር አንድ ግጥም ሲወጣ ከሥሩ «ይሄ የሰው አይደለም» የሚል አይጠፋም። ገጣሚው ይምላል፤ ከሳሹ «ይሄ ሐረግ የማሽን ነው» ይላል። ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም ወገኖች አንዲት ቃል ይዘው ስለሚጓተቱ ይመስለኛል። ቃሏ «ደራሲ» ናት። ግጥሙን ያወጣው ሰው ወይ ደራሲ ነው ወይ ሌባ። መሀል የለም። በቋንቋችን ግን ሌላ ቃል አለ፤ ሰው እምብዛም አያስታውሰውም።

የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የምትደጋገም አንዲት ጸሎት አለች። «ለዘጸሐፎ፣ ለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ፣ ለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» እያለች ምሕረት ትለምናለች፤ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ቃሉን ለሰማው። አምስት ሰው ተቆጠረ። ለደረሰው የሚል ግን የለም። ጸሐፊው ቀለም በጥብጦ በመቃ ብዕር ፊደል የሚጥለው ነው። አስጻፊው ቆዳውን ገዝቶ፣ ለጸሐፊው ቀለብ ሰፍሮ፣ መጽሐፉን ለነፍሱ ወይም ለደብሩ የሚያሠራው ነው። አንባቢውና ሰሚውም የመጽሐፉ ባለድርሻዎች ናቸው፤ ጽሑፉ እነሱ ዘንድ ሳይደርስ አላለቀም።

ይህን ሳነሳ ዱሮን ለማሞጋገስ አይደለም። ብዙ ብራናዎች ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የአዲሱ ስም ገብቷል። ፍቀቱ ዛሬም በዓይን ይታያል። ክታብንም ያየ ያውቀዋል፤ ጸሎቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ደብተራው በየመሀሉ «ለአመትከ» (ለሴት ባሪያህ) እያለ የባለጉዳይዋን ክርስትና ስም ይሰካል። ከልጅቷ ፋይል በምን ይለያል? የወይዘሮዋ ስም ሳይነሳ የቀረበት ክታብም ሳይኖር አይቀርም።

ደራሲ የምንለው፣ ስሙ ሽፋን ላይ በትልቁ የሚታተመው፣ ጽሑፉ እንደ ቤትና እንደ መሬት ንብረቱ የሆነለት ሰው በዕድሜ ወጣት ነው። እንግሊዞች ለደራሲ የቅጂ መብት የሰጠውን ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1710 ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የድርሰት ባለቤትነት ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ገባ። ከብራናው ዘመን ጋር ሲነጻጸር ትናንት ማለት ነው።

ደራሲው ገና በቅጡ ሳይደላደል ደግሞ ፈረንሳዮቹ ሞቱን አወጁ። ሐያሲው ሮላን ባርት «የደራሲው ሞት» የሚለውን አጭር መጣጥፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ጽሑፍ ከዚህም ከዚያም በተቀዱ ቃላት የተሸመነ ጨርቅ ነው፣ ትርጉሙም የሚሰበሰበው በጸሐፊው ሐሳብ ሳይሆን በአንባቢው ላይ ነው ይላል። በአውሮፓ ቋንቋዎች «ቴክስት» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ሽመናን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው። እኛም ብንሆን የሸማውን ጥለትና የሰውን ዕውቀት በአንድ ቃል «ጥበብ» ብለን እንጠራቸዋለን።

ይህ ሲነሳ እዚህ አገር ቶሎ የሚሰማ መልስ አለ፤ «እኛ እኮ አንድምታ አለን፣ ቀድመናቸዋል!» እኔ ይህ መልስ አይጥመኝም። እውነት ነው፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚፈቱበት የአንድምታ ትርጓሜ የአንድ ሰው ፊርማ የለበትም። ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የመጣ ነው፣ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ሦስትና አራት ቦታ ይፈታዋል። ግን «አንድም» ማለት «እንዳሻህ» ማለት አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ ያልሰማውን ትርጓሜ ይዞ ጉባኤ ላይ ቢነሳ «ከማን አገኘኸው?» ይባላል። በትርጓሜ ቤቶች መሀል ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባል ልዩነት የተፈጠረውም የትርጓሜው መንገድ ስለሚጠበቅ ነው። ባርት አንባቢውን ነጻ አወጣው፤ አንድምታ አንባቢውን ከመምህሩ ጋር ያስረዋል። ሁለቱ የሚገናኙት ደራሲውን ባለመጥራታቸው ብቻ ነው።

ይልቅ የሚገርመኝ ቅኔ ቤቱ ነው። ቅኔ ሲቀርብ ግሱ ምንድን ነው? «ዘረፈ»። ቅኔ ዘረፈ፣ ቅኔ ዘራፊ። ያው የሰው ከብት ለሚነዳው የምንጠቀምበት ግስ ነው። ይህ የስርቆት ቋንቋ የተሰጠው ግን ስርቆትን አጥብቆ ለሚጠላ ሙያ ነው፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፣ ትናንት የተባለውን የሰው ቅኔ ዛሬ የራሴ ብሎ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪው ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፣ ይጥለዋል ወይም ያልፍለታል። ቃሉ የግእዝ ነው፣ ታሪኩ የመጽሐፍ ነው፣ ዜማ ልኩ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት ቤት። ከሰው ያልተወሰደ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የእሱ የሚሆነው ሰሙና ወርቁ የተገናኙባት ስንጥቅ ናት። እሷን ይዞ ሊቃውንት መሀል ይቆማል፤ ቢነቀፍ የሚነቀፈው እሱ ነው።

የሙከራ ጽሑፍ የሚባለውን ስንመለከትም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ገጣሚው ትሪስታን ዛራ እ.ኤ.አ. በ1920 ጋዜጣ ቆራርጣችሁ፣ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ፣ አራግፋችሁ፣ ቃላቱን በወጡበት ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ግጥማችሁ ያ ነው አለ። ያ ዕጣ ማውጣት ነው፣ ቀልድም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960 ፓሪስ ላይ የተቋቋመው ኡሊፖ የሚባለው የጸሐፊዎችና የሒሳብ ሰዎች ማኅበር ግን ከዕጣ ይልቅ ሕግን መረጠ። ጸሐፊው አስቀድሞ ራሱ ላይ አንድ አስቸጋሪ ሕግ ይጥላል፣ ከዚያ በሕጉ ውስጥ ይጽፋል። ከመሥራቾቹ አንዱ ሬሞን ኬኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ዐሥር ግጥሞች አሳተመ። እያንዳንዳቸው 14 መስመር ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ተቆርጦ ስለሚገለጥ የአንዱ ግጥም መስመር ከሌላው መስመር ጋር ይገጥማል። ውጤቱ 100 ትሪሊዮን ግጥም ነው። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ለሚያነብ ሰው ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ኬኖ አብዛኞቹን ግጥሞቹን ሳያነባቸው ሞተ። 140ዎቹን መስመሮች ግን በእጁ ነው የጻፋቸው።

ሌላው የማኅበሩ አባል ጆርጅ ፔሬክ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈረንሳይኛ ዋነኛ አናባቢ የሆነችው ፊደል አንድም ቦታ የማትገኝበት ሙሉ ልብ ወለድ አወጣ። ይህን በአማርኛ እንሞክረው ብንል ምን እናስወግዳለን? «ለ»ን ከነቤተሰቧ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ብዙም አያምም። የሚያመው አንድን ረድፍ ማውጣት ነው። ሳድስን።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርቼ ሞከርኩት። ወዲያው የተያዝኩት «ነው» ላይ ነው፤ «ው» ሳድስ ነው። «እኔ»ም የለም። «ሰው» የለም፣ «ቤት» የለም፣ «ልጅ» የለም። «ነበረ» ግን አለ፤ «አለ»ም አለ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፤ «አጎቴ ቡና ቆላ፣ አፈላ፣ ቀዳ፣ ጠጣ። ለማሞ ዳቦ ቆረሰ።» ጥሩ ሄደ። ቀጥዬ አያቴን ላስገባ ስል ተገተርኩ። «አፈላች» መጨረሻዋ ሳድስ ነው። «ቆላች»፣ «ቀዳች» ሁሉም። በዚህ ሕግ ሴት ቡና ማፍላት አትችልም! በሕይወቴ ቡና አፍልቶ የማያውቀው አጎቴ ግን ይችላል። ሃምሳ ዓመት የተናገርኩበት ቋንቋ የሴትን ድርጊት በሳድስ እንደሚያስር ያን ማታ ነው ያየሁት።

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «አበበ በሶ በላ። ጫላ ጩቤ ጨበጠ።» እስቲ ቁጠሯቸው። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ሰባት ሰባት ሆሄ ናቸው። አንድም ሳድስ የላቸውም። በመጀመሪያው «በ» ትነግሣለች፣ በሁለተኛው «ጨ»። ፓሪስ ውስጥ ቢጻፉ ኖሮ ስንት ጥናት ይሠራባቸው ነበር። እኛ ዘንድ የፊደል መቁጠሪያ ናቸው፤ ደራሲያቸው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። አበበ በሶውን በልቶ ይሄዳል።

በአማርኛ ልብ ወለድም ይህ ሙከራ ታሪክ አለው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን ሲያወጣ አንባቢው የለመደው እጁን ይዞ የሚወስደው አንድ ተራኪ ነበር። ዳኛቸው ያንን ተራኪ ነስቶ አንባቢውን ብዙ ድምፅ መሀል ጣለው፤ ብዙዎች ይከብዳል ብለው ተዉት። አዳም ረታ ደግሞ የራሱን መንገድ ስም አወጣለት፣ «ሕጽናዊነት» ብሎ። አርአያው እንጀራ ነው። እንጀራ መሀል የለውም፣ ዓይኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ከየትም ጫፍ ቢቆረስ እንጀራ ነው። ታሪኮቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ታሪክ ውስጥ ጥግ ላይ ያየነው ሰው ሌላው ውስጥ ዋና ሆኖ ይመጣል፣ የግርጌ ማስታወሻ ራሱ ትረካ ይሆናል። ወጣት ጸሐፊዎች ሙከራ ማለት ከውጭ የመጣ ነገር ነው ሲሉ በሰማሁ ቁጥር እንጀራው ትዝ ይለኛል። ምጣዱ ቤታችን ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ማሽኑ ሙከራ አይወድም። የሚሠራው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ «ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ሊሆን ይችላል?» እያለ ነው፤ ስለዚህ ካልተገፋ በቀር የሚሄደው ብዙ ሰው ወደሄደበት ነው። የተማረው ደግሞ ባብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ በኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ፊደሉም ቢሆን ይወደድበታል። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በተለመደው የዩቲኤፍ-8 ኮድ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የኛ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል፤ በዚህና በጽሑፉ ማነስ ምክንያት ማሽኑ አማርኛውን ሲፈጭ ብዙ ጊዜ ከቃል በታች ወደሆኑ ትንንሽ ስባሪዎች ይበትነዋል። አዛውንቱ ለውሃ ቆጣሪ ጤና የጠየቁት ለዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጋቢ ለብሶ መጥቶ ነበር።

ታዲያ በማሽን የጻፈ ሰው ምን ይባል? ደራሲ ነኝ ቢል ይዋሻል፤ ሌባ ነው ቢባልም አያስኬድም። አስጻፊ ነው። ትእዛዙን የሰጠው፣ የወጣውን አይቶ ይሁን ያለው፣ ስሙን ያኖረበት እሱ ነው። ይህን ቃል ብንይዝ ብዙው ጭቅጭቅ ይረግባል። ጃፓናዊቷ ደራሲ ሪዬ ኩዳን በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የአኩታጋዋን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከወሰደች በኋላ ከመጽሐፏ 5 በመቶ ያህሉ የቻትጂፒቲ ቃል ነው ብላ ስትናገር ዓለም ተንጫጫ። ሴትዮዋ ያደረገችው ግን ብራናው ላይ የነበረውን ነገር ነው፤ እዚህ ጋ ጽፌያለሁ፣ እዚህ ጋ አስጽፌያለሁ አለች።

አዝማሪ ቤትም ይህ ሥርዓት አለ። አንዱ ሰካራም ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኝ ይነግራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ስንኙ የጎረቤት ጠረጴዛን የሚነካ ከሆነ የተነካው ሰው የሚያፈጠው አዝማሪው ላይ አይደለም፤ «ተቀበል» ያለው ላይ ነው። አስጻፊው መጠየቅ ያለበት እንዲህ ነው። ማሽን ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም።

ሕጉስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ወረቀት ላይ ወይም ካሴት ላይ ከሰፈረ ነው። ዘመኑም አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። በዚህ ዓይን ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ተዘርፎ እዚያው የቀረ መወድስ ጥበቃ የለውም፤ የልጅቷ «ማመልከቻ ዋናው» ፋይል ላይ ሰፍሯል፣ ግን አመንጪው አይታወቅም። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ማሽን ብቻውን ለሠራው ምስል የቅጂ መብት ምዝገባ አይሰጥም፣ አመንጪው ሰው መሆን አለበት ብሎ ወስኗል። ሕግ እስከዚህ ድረስ ነው የሚመልሰው፤ የሚጠይቀው የማን ንብረት ነው ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው ማን ይመልስበታል ብዬ ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ደስ አይለኝም። በዚህ አገር «የደራሲው ሞት» የፈረንሳይ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። «ይህን የሚናገረው ገጸ ባሕርይው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚለውን የልብ ወለድ ሁሉ መከላከያ የሰማው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሑፍ ስም ይኑረው፣ እያንዳንዱ ስም ይጠየቅ ብሎ መጮህ እኛ ዘንድ ሌላም ጆሮ አለው። ለእረኛ የተሰጠው ግጥም፣ ስሙን የሸሸገ መነኩሴ፣ አለቃ ገብረ ሐና ላይ የተለጠፈው ቀልድ ሁሉ አንዳንዴ ራስን ማዳኛ ነው። አለቃ ያልተናገሩትን ስንቱን ተሸክመዋል! ንጉሥን የሚነካ ቀልድ ያለው ሰው «አለቃ እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል፤ ስማቸው ጥላ ሆኖታል።

ስለዚህ የምለየው እንዲህ ነው። ጉልበተኛን ፈርቶ ስሙን የሸሸገ ሰው ይሸሽግ። ከቴሌግራም ላይ የሰው ግጥም አንስቶ ስሙን ፍቆ የራሱን ያኖረ፣ ወይም ማሽን ያወጣለትን መጽሐፍ በራሱ ስም አሳትሞ ዋጋ የቆረጠ ግን ማንንም አልፈራም። አንዱ ስሙን የደበቀው የሚከፍለው ዋጋ ስላለ ነው፤ ሌላው ስሙን የለጠፈው የሚያገኘው ዋጋ ስላለ ነው። አሳታሚዎችና የውድድር አዘጋጆች ጽሑፉን በማሽን መርማሪ ሲፈትሹ ከሚውሉ፣ መርማሪውም ይሳሳታልና፣ ጸሐፊውን ከፊታቸው አስቀምጠው «ይህችን መስመር ለምን እንዲህ አልካት?» ብለው ቢጠይቁት ይሻላል። ቅኔ ቤቱ የሚያደርገው ይህንን ነበር። የራሱ የሆነ ሰው ይመልሳል። ያስጻፈም ቢሆን አንብቦ፣ አርሞ፣ ተቀብሎት ከሆነ ይመልሳል። ያልመለሰ ይቀራል።

ይህን ጽሑፍ ፕሪንት ላስደርግ ትናንት ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ወረቀቱ እየወጣ እሷ ገጽ በገጽ ታነበው ጀመር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ስለኔ ነው እንዴ?»

«ስለ ማመልከቻው ነው።»

«የልምድ ማስረጃውን ሰውዬ አስገብተውታል። ደንበኛዬ ነው፣ እዚሁ ሰፈር ነው ያለው፤ ቢያነበው ያውቃል።»

ላውጣው አልኳት። አሰበችና አይ፣ ይቆይ፣ ግን ሥራውን ይቀይሩት አለች። ምን ልበለው? «ሹፌር ይበሉት፤ ሹፌር ብዙ ነው።» ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችልኝ፤ እምቢ አልኩና ራሷ እንድትጽፈው ነገርኳት። ያቺን ገጽ ደግማ አወጣችልኝ፤ የመጀመሪያዋንም የሁለተኛዋንም አስከፈለችኝ።